ጠንካራ ብረት ለምን ይሰበራል? የመርከብ ብረት ደረጃዎች ሲፈቱ

ዛሬ ረዘም ያለች ጽሑፍ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ሻያችሁን ያዙና አንብቧት። (ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጁን 17 ቀን 2013። «ኤምኦኤል ኮምፈርት» የተባለች የኮንቴይነር መርከብ ከሲንጋፖር ተነስታ ወደ ሳዑዲዋ ጂዳ እየሄደች ነው። ርዝመቷ 316 ሜትር ነው። ሦስት የእግር ኳስ ሜዳ ጫፍ ለጫፍ ብትደረድሩ ማለት ነው። ከ4 ሺህ በላይ ኮንቴይነሮች ጭናለች። ጃፓን ውስጥ በ2008 የተሠራች፣ ገና የአምስት ዓመት መርከብ ናት።

ዓረብ ባሕር ላይ ከባድ ማዕበል ውስጥ ሳለች ወገቧ ላይ ተሰነጠቀች። ብዙም ሳይቆይ ለሁለት ተከፈለች። ደግነቱ 26ቱም መርከበኞች በሕይወት አድን ጀልባ ወጥተው ተረፉ። የኋለኛው ግማሽ ከአሥር ቀን በኋላ ሰጠመ። የፊተኛው ግማሽ ደግሞ በሌላ መርከብ እየተጎተተ ሳለ እሳት ተነሣበትና እሱም በጁላይ ወር ሰጠመ። ዕቃው ሁሉ ባሕር በላው።

አሁን ግራ የሚያጋባው ነገር ይሄ ነው። ይቺ መርከብ የተሠራችው ከደካማ ብረት አይደለም። እንዲያውም እሷና እህቶቿ «47» የሚባለውን፣ በጊዜው አዲስ የነበረ እጅግ ጠንካራ የመርከብ ብረት ከተጠቀሙ የመጀመሪያዎቹ የኮንቴይነር መርከቦች ናቸው።

ታዲያ ጠንካራ ብረት ያላት አዲስ መርከብ እንዴት እንደ ብስኩት ለሁለት ትሰበራለች?

አጭሩ መልስ፦ «ጠንካራ» የሚለው ቃል አንድ ነገር ብቻ ማለት ስላልሆነ ነው።

እኔ ኢንጂነር አይደለሁም፤ ዲግሪም የለኝም። ባለፈው የቤት በር ሳሠራ ባለሙያው ላሜራውን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ «ይሄ ጠንካራ ነው፣ አታስብ» አለኝ። እኔም አላሰብኩም። ለበር ይሄ በቂ ነው። የ316 ሜትር መርከብ ወይም ባሕር መሐል 30 ዓመት ቆሞ ነዳጅ የሚያወጣ መድረክ ሲሆን ግን «ጠንካራ ነው» የሚለው ቃል ለሦስት ጥያቄ ይከፈላል፦

▪️ ስንት ይሸከማል? ይሄንን ጥንካሬ እንበለው።
▪️ ትንሽ ስንጥቅ ሲያገኘው ይታገሣል ወይስ እንደ ብርጭቆ ይፈነዳል? ይሄንን ቻይነት እንበለው።
▪️ ሲጫኑት ቀጥ ብሎ ይቆማል ወይስ ይጎብጣል? ይሄንን ግትርነት እንበለው።

ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ ስላለ ሌላው አለ ማለት አይደለም። ይሄን ከያዛችሁ የቀረው ቀላል ነው።

🔹 ቁጥሩ ምን ይላል?

የመርከብ ብረት ላይ «ኤኤች36»፣ «ዲኤች36»፣ «ኢኤች40» የሚል ምልክት ታያላችሁ። ምስጢራዊ ኮድ ይመስላል፤ ግን አይደለም።

ቁጥሩ ጥንካሬውን ይናገራል። «36» ማለት አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ሚሊ ሜትር የሆነች ቀጭን ዘንግ 36 ኪሎ ገደማ እስክትሸከም ድረስ ተለጥጣ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፤ ከዚያ ካለፈ ግን እንደተለጠጠች ትቀራለች ማለት ነው።

በኛ መለኪያ እናድርገው። አንድ ሴንቲ ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ የትንሿ ጣታችሁን የሚያህል ዘንግ አስቡ። ከ«36» ብረት የተሠራ ከሆነ 36 ኩንታል ታንጠለጥሉበታላችሁ። ከ«40» ከሆነ 40 ኩንታል። በቃ፣ ቁጥሩ ኩንታል ነው ብላችሁ ያዙት።

መሐንዲሶች ዛሬ የሚጠቀሙት ሜጋፓስካል የሚባለውን መለኪያ ነው። ሲነጻጸር እንዲህ ነው፦

▪️ ተራ የመርከብ ብረት (ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ)፦ 235 ሜጋፓስካል፣ ማለትም 24 ኩንታል ገደማ
▪️ «32»፦ 315 ሜጋፓስካል
▪️ «36»፦ 355 ሜጋፓስካል
▪️ «40»፦ 390 ሜጋፓስካል
▪️ «47»፦ 460 ሜጋፓስካል

«ኤች» የምትለዋ ፊደል «ከተራው ከፍ ያለ ጥንካሬ» ማለት ናት። ኤች ከሌለ ተራ ብረት ነው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ብረቱ ከጠነከረ ላሜራው ሊቀጥን ይችላል። ከቀጠነ መርከቡ ይቀልላል። ከቀለለ ብዙ ይጭናል፣ ትንሽ ነዳጅ ይበላል። በዚህ ምክንያት ዛሬ ትልልቅ መርከቦች ላይ «32» እና «36» የተለመዱ ናቸው።

🔹 ፊደሉ ምን ይላል?

ብዙ ሰው ቁጥሩን አይቶ ፊደሉን ያልፈዋል። ሰው የገደለው ግን ብዙ ጊዜ ፊደሉ የሚናገረው ነገር ነው።

ወደ ኋላ እንሂድ። ጃንዋሪ 16 ቀን 1943፣ አሜሪካ፣ ኦሪገን፣ ፖርትላንድ። «ስኬነክተዲ» የተባለች አዲስ ነዳጅ ጫኝ መርከብ የባሕር ሙከራዋን ጨርሳ ወደቧ ላይ ቆማለች። ማዕበል የለም። ጭነት የለም። ብርድ ብቻ ነው ያለው። ድንገት ሩቅ ድረስ የተሰማ ድምፅ ወጣና መርከቧ ከላይኛው ወለሏ ጀምሮ እስከ ታች ድረስ ተሰነጠቀች። ቆማ እያለች!

እሷ ብቻ አይደለችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ በጥድፊያ ከሠራቻቸው 2,710 «ሊበርቲ» መርከቦች መካከልም በብዙዎቹ ላይ ተመሳሳይ ስንጥቅ ታየ። አንዳንዶቹ ባሕር ላይ ለሁለት ተሰብረዋል።

መጀመሪያ ጥፋቱ በያጆቹ ላይ ተላከከ። ምክንያቱም እነዚህ መርከቦች እንደ ድሮው በብሎን መሳይ ምስማር የተያያዙ ሳይሆን የተበየዱ ነበሩ። እንግሊዝ ውስጥ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የነበረችው ተመራማሪ ኮንስታንስ ቲፐር ግን ነገሩን ስትመረምር ዋናው ችግር ብረቱ ውስጥ እንደሆነ አሳየች። ብረቱ በሙቀት ጊዜ ደህና ነው። ቅዝቃዜው ከአንድ ደረጃ ሲያልፍ ግን ጠባዩ ይቀየራል፤ መለጠጡን ትቶ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል።

ማስቲካ አስቡ። አፋችሁ ውስጥ ያለ ማስቲካ ይለጠጣል። ፍሪዘር ውስጥ አሳድራችሁ ብታጥፉት ግን ቀጭ ይላል። ማስቲካው ያው ነው፤ የተቀየረው ሙቀቱ ነው።

ብየዳው ጥፋት የለበትም ማለት ግን አይደለም። በምስማር የተያያዘ መርከብ ላይ ስንጥቅ ሲነሣ የአንዱ ላሜራ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይቆም ነበር። የተበየደ መርከብ ግን እንደ አንድ ትልቅ ላሜራ ነው። ስንጥቁ ማቆሚያ ስለሌለው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሮጣል።

ፊደሉ የመጣው ከዚህ ዓይነቱ ትምህርት ነው። ብረቱ በስንት ዲግሪ ቅዝቃዜ ተፈትኖ እንዳለፈ ይናገራል፦

▪️ ኤኤች፦ በ0 ዲግሪ
▪️ ዲኤች፦ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ
▪️ ኢኤች፦ ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ
▪️ ኤፍኤች፦ ከዜሮ በታች በ60 ዲግሪ

ፈተናው «ቻርፒ» ይባላል። 10 በ10 በ55 ሚሊ ሜትር የሆነች ቁራጭ ብረት ትቆረጣለች። መሐሏ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ጭረት ይደረግባታል። በሚፈለገው ዲግሪ ከቀዘቀዘች በኋላ በሚወዛወዝ ከባድ መዶሻ ትመታለች። ስትሰበር ምን ያህል ጉልበት እንደበላች ይለካል። ለ«36» ብረት ዝቅተኛው ማለፊያ 34 ጁል ነው (እስከ 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው)። ይሄ ማለት ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን ነገር ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ያለው ጉልበት ነው።

ዋናው ነጥብ፦ ኤኤች36 እና ኢኤች36 ጥንካሬያቸው አንድ ነው። ሁለቱም 36 ኩንታል። ስባችሁ ብትፈትኗቸው ልዩነታቸው አይታይም። በዓይንም አይለዩም። ቀለም ከተቀባ በኋላማ ጭራሽ! ልዩነቱ የሚታየው ባሕሩ ሲቀዘቅዝና ስንጥቅ ሲነሣ ነው። ያኔ ደግሞ ረፍዷል።

እያንዳንዱ ላሜራ ላይ ማኅተምና የምርት ቁጥር የሚመታው፣ አብሮትም የፋብሪካ ሰርተፊኬት የሚመጣው ለዚህ ነው። ፋብሪካውንም እንደ ሎይድስ ሬጅስተር፣ ዲኤንቪ፣ ኤቢኤስ ወይም ክላስኤንኬ ያሉ የመርከብ ደረጃ መዳቢ ድርጅቶች አስቀድመው ፈትነው ማጽደቅ አለባቸው። ወረቀቱ ከጠፋ ያ ላሜራ ምን እንደሆነ ማንም እርግጠኛ ሆኖ አይነግራችሁም።

🔹 ተጠንቀቁ! «36» እና «36» አንድ አይደሉም

ይሄ ክፍል ብረት ለሚገዛ ወይም ለሚበይድ ሰው ነው።

«ኤ36» የሚባል በጣም የታወቀ የአሜሪካ የግንባታ ብረት አለ። «ኤኤች36» ደግሞ የመርከብ ብረት ነው። በመሐላቸው ያለችው አንዲት ፊደል ብቻ ናት። ግን፦

▪️ ኤ36፦ 250 ሜጋፓስካል
▪️ ኤኤች36፦ 355 ሜጋፓስካል

ለምን? የአሜሪካው «36» የተለካው በኪሎ ሳይሆን በፓውንድ ነው። በአንድ ካሬ ኢንች 36 ሺህ ፓውንድ ማለት ነው። ቁጥሩ አንድ፣ መለኪያው ሌላ። በዚያ ላይ ተራው ኤ36 ልዩ ትእዛዝ ካልተሰጠ በቀር የቅዝቃዜ ፈተና አይጠየቅበትም።

የአውሮፓው «ኤስ355» ደግሞ ቁጥሩን በቀጥታ በሜጋፓስካል ይጽፋል። ስለዚህ በጥንካሬ ከኤኤች36 ጋር እኩል ነው። እንኳን እኩል ሆነ፣ የመርከብ ደረጃ መዳቢዎቹ ካላጸደቁት ግን መርከብ ላይ አይገባም።

ለባሕር ላይ ነዳጅ መድረክ የሚውለው የአሜሪካ ነዳጅ ኢንስቲትዩት ብረት ደግሞ «2ኤች ግሬድ 50»፣ «2ደብሊው ግሬድ 50» ይባላል። ይሄም 50ው በፓውንድ ነው፤ ወደ 345 ሜጋፓስካል ይመጣል። «50 ከ36 ይበልጣል» ብሎ የገዛ ሰው፣ ከኤኤች36 በትንሹ ዝቅ ያለ ጥንካሬ ገዛ ማለት ነው!

ስለዚህ ቁጥር ከማወዳደራችሁ በፊት «በምንድን ነው የተለካው?» ብላችሁ ጠይቁ።

🔹 ብረት እንዴት ይጠነክራል?

ቀላሉ መንገድ ካርቦን መጨመር ነው። ግን ካርቦን ሲበዛ ብረቱ ተሰባሪ ይሆናል፤ ብየዳም አይወድም። የተበየደበት ቦታ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ደርቆ ይሰነጠቃል። በዚህ ምክንያት ደንቡ ካርቦኑን ይገድባል። ለኤኤች36 ከ0.18 በመቶ አይበልጥም።

ታዲያ ካርቦን ሳይጨምሩ እንዴት? ሁለት ዋና መንገድ አለ።

አንደኛው፣ የብረቱን ውስጣዊ ቅንጣት ማድቀቅ ነው። ላሜራው በሚዳመጥበት ጊዜ ሙቀቱ በጥንቃቄ ይጠበቃል። ከዚያ ወዲያው በውሃ ይቀዘቅዛል። ውስጡ ያሉት ቅንጣቶች ለማደግ ጊዜ አያገኙም፤ ደቃቅ እንደሆኑ ይቀራሉ። የዚህ ዘዴ ትልቁ ውበት ጥንካሬንና ቻይነትን አንድ ላይ መጨመሩ ነው። ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነም ለበያጅ ይመቻል። ዘመናዊዎቹ «36»፣ «40» እና «47» ወፍራም ላሜራዎች ባብዛኛው የሚሠሩት እንዲህ ነው።

ሁለተኛው የቀጥቃጮቻችን ዘዴ ነው። ማጭድ ወይም ቢላ የሚሠራ ቀጥቃጭ ብረቱን አግሎ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ብረቱ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፤ ግን ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ መልሶ በመጠኑ ያሞቀዋል። ፋብሪካውም ያደርገዋል፤ ልዩነቱ ላሜራው ብዙ ቶን መሆኑ ነው። በዚህ መንገድ የሚሠሩት ደረጃዎች ስማቸው ውስጥ «ኪው» የምትል ፊደል አለች። «ኢኪው70» ለምሳሌ 690 ሜጋፓስካል ነው። በኛ ሂሳብ 70 ኩንታል! ከተራው የመርከብ ብረት ሦስት እጥፍ ገደማ።

«ታዲያ ሁሉንም መርከብ ለምን በ70 አይሠሩትም?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ወደ ኮምፈርት የሚመልሰን እሱ ነው።

🔹 ቁጥሩ የማይነግራችሁ ነገር

ባዶ የሃይላንድ ላስቲክ ያዙ። ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ለመበጠስ ጎትቱት። አይበጠስም። አሁን አቁሙትና ከላይ ተጫኑት። ወዲያው ይጎብጣል፣ ይጨማደዳል። ላስቲኩ ያው ነው። ሲሳብ ጠንካራ፣ ሲጫኑት ደካማ። ምክንያቱም ቀጭን ነው።

ብረትም እንዲሁ ነው። ሲጫኑት ላለመጉበጥ የሚያስፈልገው ግትርነትና ውፍረት ነው። ግትርነት ደግሞ ከደረጃ ደረጃ አይለያይም! ተራው ብረትም፣ ኤኤች36ም፣ ኢኪው70ም ግትርነታቸው ያው 206 ሺህ ሜጋፓስካል ገደማ ነው። ለጠንካራ ብረት ከፍላችሁ ግትርነት አትገዙም።

ሂሳቡን ቀለል አድርጌ ላስቀምጠው። ከተራ ብረት ወደ «36» ስትሄዱ ላሜራውን በ28 በመቶ አቀጠናችሁት እንበል። የመጎበጥ መቋቋሚያው የሚቀንሰው ግን በ28 በመቶ አይደለም። በውፍረቱ ካሬ ስለሚሄድ ወደ ግማሽ ይወርዳል! ጫናው ደግሞ ቀጭኑ ላይ ስለሚበዛ ችግሩ ከሁለት በኩል ይመጣል። መፍትሔው ከውስጥ በኩል ደጋፊ ዘንጎችን ማቀራረብ ወይም ላሜራውን ማወፈር ነው።

አሁን ባሕር ላይ ያለች መርከብን አስቡ። መርከብ ግንድ አይደለም፤ ይተጣጠፋል። ትልቅ ማዕበል መሐሏ ሥር ሲገባ ወገቧ ወደ ላይ ይነሣል፤ አፍንጫዋና ጭራዋ ወደ ታች ይወርዳሉ። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ በእጃችሁ ስታጎብጡት እንደሚሆነው፣ ላይኛው ፊት ይለጠጣል፣ ታችኛው ይጨመቃል። መርከቧም ላይ እንዲሁ ነው። የላይኛው ወለል ይሳባል። ሆዷ ይጨመቃል።

ኮምፈርት ላይ «47» የሚባለው ብረት የገባው ከላይ፣ የጭነት ጉድጓዱን አፍ በሚከበው ግድግዳ ላይ ነበር። እዚያ የሚያስፈራው መሳብ ስለሆነ ቦታው ትክክል ነው። መርማሪዎቹ ግን ስብራቱ የጀመረው ከላይ ሳይሆን ከታች፣ ከመርከቧ ሆድ እንደሆነ ደረሱበት። የሆዷ ላሜራ ጎበጠ፤ ከዚያ ተከታትሎ ሁሉም ሄደ። እህት መርከቦቿ ሲፈተሹም አንዳንዶቹ ሆዳቸው ላይ እስከ 20 ሚሊ ሜትር ድረስ ጎብጠው ተገኙ። በኋላ እነሱም በተጨማሪ ብረት ተጠናከሩ።

ልብ በሉ! «47»ቱ አልተበጠሰም። ማንም በደንብ ያላየው ሌላ ቦታ ላይ፣ ሌላ ዓይነት ድክመት ነው መርከቧን የገደላት። ዓለም አቀፉ የመርከብ ደረጃ መዳቢዎች ማኅበር በ2015 ለኮንቴይነር መርከቦች አዲስ የጥንካሬ ደንብ አወጣ። የመጎበጥ ሂሳብም እዚያ ውስጥ ጥብቅ ሆኖ ገባ።

ከመጎበጥ ሌላ ሁለት ነገር ቁጥሩ አይነግራችሁም።

▪️ ድካም። ሽቦ በእጃችሁ ደጋግማችሁ ስታጥፉት መጨረሻ ላይ ይበጠሳል አይደል? አንዴ ስታጥፉት ግን ምንም አይሆንም። መርከብም በየማዕበሉ ይታጠፋል፤ በዓመት ሚሊዮን ጊዜ። የተበየደ ቦታ ላይ ደግሞ ብረቱ 24 ኩንታል ሆነ 40፣ የድካም ዕድሜው ብዙም አይለይም። ላሜራው ቀጥኖ ጫናው ሲጨምር ግን ዕድሜው ያጥራል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከጠንካራ ብረት የተሠሩ ግዙፍ ነዳጅ ጫኝ መርከቦች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጎናቸው ላይ ስንጥቅ የወጣባቸው በዚህ ምክንያት ነበር።

▪️ ዝገት። ዝገት ደረጃ አያይም። ከ20 ሚሊ ሜትር ላሜራ ላይ 2 ሚሊ ቢበላ 10 በመቶ ሄደ። ከ14 ሚሊ ላይ ያንኑ 2 ሚሊ ቢበላ ግን 14 በመቶ ሄደ።

ደንብ አውጪዎቹም ይሄን ስለሚያውቁ ለጠንካራ ብረት ሙሉ ምስጋና አይሰጡም። በጥንካሬ ሂሳብ ብቻ ቢሆን 355ቱ ብረት ከተራው 34 በመቶ ቅናሽ ይገባው ነበር። ደንቡ የሚፈቅደው 28 በመቶ ነው። ለ390ው በሂሳቡ 40 በመቶ ይሆናል፤ የሚፈቀደው ግን 32 ገደማ ነው። ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ጥርጣሬውም ያድጋል።

🔹 ባሕር ላይ የሚቆሙትስ?

መርከብ ሲታመም ወደ ጥገና ቦታ ይሄዳል። በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሆዱ ይታያል። የነዳጅ መድረክ ግን አንዴ ከተተከለ እዚያው ነው። ማዕበሉ እሱ ጋ ይመጣል እንጂ እሱ ከማዕበሉ አይሸሽም። ስለዚህ ብረቱ ላይ የሚደረገው ፈተናም ይከብዳል።

እዚህ ጋ ሌላ ፊደል አለች፦ «ዜድ»። ላሜራ ሲዳመጥ ውስጡ እንደ ቅጠል ተነባብሮ ሊቀር ይችላል። በርዝመቱ ስትስቡት ጠንካራ ነው። በውፍረቱ በኩል ስትስቡት ግን እንደ ተነባበረ ወረቀት ይላቀቃል። የመድረክ እግሮችና ማገሮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ብረቱ የሚሳበው በዚህ በኩል ነው። «ዜድ35» የሚል ምልክት ያለው ላሜራ በዚህ አቅጣጫ ጭምር ተስቦ ተፈትኗል ማለት ነው።

ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ከየት መጣ ካላችሁ፣ አንዱ መልስ ማርች 27 ቀን 1980 ነው። በኖርዌይ በኩል ባለው የሰሜን ባሕር፣ «አሌክሳንደር ኪላንድ» የተባለ ተንሳፋፊ መድረክ ላይ 212 ሠራተኞች ነበሩ። ማታ ላይ ከአምስት እግሮቹ አንዱ ተገንጥሎ ሄደ። መድረኩ አዘነበለ፤ ግማሽ ሰዓት እንኳን ሳይሞላ ተገለበጠ። 123 ሰዎች ሞቱ።

ምክንያቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? እግሮቹን ከሚያያይዙት ማገሮች አንዱ ላይ የውሃ ውስጥ ድምፅ መስሚያ መሣሪያ ለመያዝ አንዲት ትንሽ ብረት ተበይዳ ነበር። ብየዳዋ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። እሷ ላይ ስንጥቅ ተፈጠረ። ስንጥቁ በየማዕበሉ ትንሽ ትንሽ እያለ ዋናውን ማገር በላው። ያ አንዱ ማገር ሲሄድ ሌሎቹ ተከተሉ።

የትልቁን ብረት ደረጃ ማሳመር ብቻውን አላዳነውም። ከጎኑ የተበየደው ትንሹ ብረትም፣ ብየዳውም፣ ፍተሻውም እኩል ክብደት ነበራቸው።

«70» ብረት ታዲያ የት ነው የሚገባው? ባሕር ወለል ላይ እግሩን ተክሎ ራሱን ወደ ላይ የሚያነሣ መድረክ አለ። ሲጓዝ እግሮቹን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ ነው። እግሮቹ ከከበዱ ይገለበጣል። እዚያ ላይ ቅለት ሕይወት ስለሆነ ኢኪው70 ይገባል። ግን ዋጋ ይከፈልበታል። ሲበየድ ቀድሞ መሞቅ አለበት። እርጥበት ያለው ኤሌክትሮድ ከተነካው ሃይድሮጅን ውስጡ ገብቶ ከቀናት በኋላ ሊሰነጥቀው ይችላል። ባሕር ውስጥ ደግሞ ከዝገት እንዲጠብቀው የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ከመጠን ካለፈ ያንኑ ሃይድሮጅን ይፈጥራል። ኃይለኛ ብረት ጠባዩም ኃይለኛ ነው።

🔹 ታዲያ የቱ ይሻላል?

«የት ለሚገባ?» ነው መልሱ።

▪️ ብዙ ጫና የሌለበት የመርከብ ክፍል፦ ተራው «ኤ» ይበቃል። ርካሽ ነው፣ ለብየዳም ቀላል ነው።
▪️ የመርከብ ሆድና ወለል፦ «32» እና «36»። ሆድ ላይ ግን መጀመሪያ የመጎበጥ ሂሳብ!
▪️ ጎኑና የላይኛው ወለል የሚገናኙበት መስመር፦ መርከቡ ከ250 ሜትር በላይ ከሆነ ወገቡ አካባቢ «ኢ» ወይም «ኢኤች» ግዴታ ነው። እዚያ የሚፈለገው ስንጥቅ ቢነሣ የሚያቆም ቻይ ብረት ነው።
▪️ የግዙፍ ኮንቴይነር መርከብ የላይኛው ጠርዝ፦ «ኢኤች40» ወይም «ኢኤች47»።
▪️ በረዷማ ባሕር፦ ቁጥሩን ሳይሆን ፊደሉን ከፍ አድርጉ። «ኢኤች»፣ «ኤፍኤች»።
▪️ የነዳጅ መድረክ መገጣጠሚያ፦ ከ355 እስከ 460 ሜጋፓስካል፣ ከነ«ዜድ35» ፈተናው።
▪️ ራሱን የሚያነሣ መድረክ እግር፦ «ኢኪው70»፣ ከጥንቁቅ በያጅ ጋር።

🔹 እኛን ምን አገባን?

ባሕር የለንም፣ እውነት ነው። ግን የምትሳፈሩበት መኪና፣ ብዙው ዕቃችን በጅቡቲ በኩል የሚመጣው በመርከብ ነው። ከእስያ ሲመጣ ደግሞ ኮምፈርት የተሰበረችበትን የዓረብ ባሕር ያቋርጣል። በዚያ ላይ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሠልጥነው በዓለም መርከቦች ላይ የሞተር ክፍል መኮንን ሆነው የሚሠሩ ወንድሞቻችን አሉ። እነሱ የሚተኙት ከውሃው በላሜራ ተለይተው ነው። ያ ላሜራ ላይ የተመታችው ፊደልና ቁጥር ትክክል መሆን አለባት።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይሄን ያዙ፦ አንድ ሰው «ይሄ ጠንካራ ነው» ሲላችሁ «ለምኑ?» በሉት። ለመሳብ ነው ለመጫን? በሙቀት ነው በብርድ? አንዴ ነው ሚሊዮን ጊዜ? ወረቀቱስ የታለ?

እኔም የቤቴን በር በተመለከተ ይሄን ጥያቄ አልጠየቅኩም። በሬ ግን ሕንድ ውቅያኖስን አያቋርጥም። 😄

በብየዳ፣ በብረታ ብረት ወይም በመርከብ ሥራ ላይ ያላችሁ ካላችሁ የምታውቁትን ጻፉልን። የሳትኩት ካለም አርሙኝ። መልካም ቀን!